የወንድሜ ንድፍ

ዛሬ ጠዋት ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ተራ ስጠብቅ፣ ከፕሪንተሩ የወጣው ትኩስ ወረቀት ሸተተኝና የልጅነቴ አንድ ቀን ትዝ አለኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የግንባታ ሙያ ይማር የነበረው ታላቅ ወንድሜ ከሞተ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ለሰፈራችን ለቀሐ ደብር ያዘጋጀው የአዲስ ቤተ ክርስቲያን ንድፍ ፍላሽ ላይ ቀርቶ ነበር። የደብሩ መሪጌታ የሆነው አባቴ በካርቶን ሞዴል ሊሠራው አሰበና እኔን አስከትሎ ሊያሳትም ሄደ።

ወረቀቱ ሲወጣ ከኪሱ ማስመሪያ አውጥቶ፣ ከንድፉ ጥግ «አሥር ሴንቲ ሜትር» ተብሎ የተጻፈበትን መስመር ለካ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ።

«መሪጌታ፣ ማሽኑ ከወረቀቱ እንዲገጥም ትንሽ አሳንሶት ነው፤ ምንም አይል» አለች አታሚዋ።

«ምነው ልጄ! እሱ አሥር ካለ አሥር ነው። ልጄን አታሳንሺብኝ» አላት።

ለግማሽ ሴንቲ ሜትር ይህን ያህል መጨነቁ ገረመኝ። አታሚዋ ኮምፒውተሩ ላይ መጠኑን አስተካክላ ደግማ አተመችው። ለካው፤ አሥር ሞላ።

ቤት ገብተን ወረቀቱን ካርቶን ላይ ለጠፍነው። አባቴ መቀሱን የግድግዳው መስመር ላይ አድርሶ ቆመ።

«አንቺ ቁረጪው፤ የኔ እጅ እምቢ አለኝ» አለኝ።

በሩንም መስኮቱንም እኔ ቆረጥኩ። እሱ ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ። እጁ እምቢ ያለው በእርጅና መስሎኝ ነበር። አሁን ሳሰላው ግን፣ አባቴ ያኔ ገና አርባ አምስት ዓመቱ ነበር።