የዳማ ዓይን

ትናንት ለዐስር ሶላት ውዱእ ላደርግ ቧንቧውን ከፍቼ እጅጌዬን ስሰበስብ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ሉባባ ናቸው፣ ከኪሱጉ። «አንቺ ልጅ፣ ዳማ ሞተች። አርጅታ፣ በእንቅልፏ» አሉኝ። ዳማ ድመታቸው ናት፤ ዕድሜዋን በአንድ ዓይን የገፋች። ቧንቧውን መዝጋት እንኳ ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት እትዬ ሉባባ፣ የጅማዋ ሐዋና እኔ በሰው አገር፣ እዚያው ኪሱጉ፣ አንድ ቤት እንኖር ነበር። አንድ ዝናባማ ቀን ሐዋ ቦዳ ከሚሉት የኪራይ ሞተር ስትወርድ ጉያዋ ውስጥ ግራጫ የድመት ልጅ ይዛ መጣች። ቤቱ ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣ። ዳማ ታደባለች፣ ግራጫው ይጮኻል፣ ጸጉር ይበናል፤ አንድ ቀን ደምም ፈሰሰ።

የእንስሳት ሐኪም ጠየቅን። «በየክፍላቸው ዝጓቸው። የሚተኙበትን ጨርቅ አለዋውጡ፣ ጠረን ይላመዱ። ከበሩ ወዲህና ወዲያ አብሏቸው። አትቸኩሉ» አለን።

እትዬ ሉባባ ግን ቆርጠው ተናገሩ፤ «ዳግመኛ ደም ካየሁ ይሄ ግራጫ ከቤቴ ይወጣል። ሐዋ፣ ሰምተሻል?»

«በሩን ከረሳሁ እኔንም አብረው ያውጡኝ!» ብላ ሳቀች። በር መርሳት ልማዷ ነበር። ጥንቁቋ እኔ ነበርኩ።

ሦስት ሳምንት ለፋን። አንድ ጁምዓ እትዬ ሉባባና ሐዋ መስጊድ ሄደው እኔ ድመቶቹን ልጠብቅ ቀረሁ። ወሎ ሳለሁ ሽማግሌዎች የተጣሉትን አስታርቀው ከአንድ ትሪ ሲያበሏቸው አይቻለሁ። ሙኬኔ የሚሉትን ደቃቅ ደረቅ ዓሣ በትሪ አቀረብኩና ቢስሚላህ ብዬ በሩን ከፈትኩ።

ሁለቱም ቀረቡ። አልሐምዱሊላህ ልል ስል የዳማ ጆሮ ወደ ኋላ ተለጠፈ። ትሪው ተገለበጠ። ፎጣ ወርውሬ ስለያያቸው የዳማ ግራ ዓይን ደም ለብሷል። ግራጫውን ክፍሉ ከተትኩ፣ ዓሣውን ለቀምኩ፣ ትሪውን አጠብኩ።

«በሩን ማን ከፈተው?» አሉ እትዬ ሉባባ ዳማን አቅፈው። እኔን አልጠየቁኝም፤ ሐዋን ነው ያዩት።

«ወላሂ ዘግቼዋለሁ!» አለች። ቆይታ ድምጿ ወረደ። «ዘግቼ ነበር... መሰለኝ።»

እኔ ለዳማ ዓይን ጨርቅ ላርስ ወደ ቧንቧው ሄድኩ።

በማግስቱ ሐዋ ግራጫውን በካርቶን አድርጋ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ለምታውቃት ተማሪ ልትሰጥ ወጣች። በሩን ዘጋች፤ ተመልሳ ገፍታ አየችው፤ ደግማ አየችው። እስክንለያይ ድረስ እንዲያ ነበረች።

በየረመዳኑ ተውበት አደርጋለሁ። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አውፍ ብሎ ይቅር ካላለ አይወርድም። ትናንትም ልናገር ብዬ «አላህ ያጽናዎት» ብቻ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። እትዬ ሉባባ፣ ትሪውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ሐዋ፣ በሩን ዘግተሽው ነበር።

አውፍ በሉኝ።