አንገቱን ይዤ የዋልኩበት ቀን

ከጨፋ ሮቢት ገበያ ስመለስ ነው የያዙኝ። ለምን ብዬ ብጠይቅ «ትሰማለህ» አሉኝ። እስካሁን አልሰማሁም። ከሚሴ ወስደው ያስገቡን ቤት ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ግድግዳው ማሽላ ማሽላ ይሸታል።

ከኔ ጋር የተጫነ አንድ ጎልማሳ፣ ከአይሱዙው ሲያወርዱን ገፉት መሰለኝ፣ በጀርባው ወደቀ። ጎትተው መሃላችን አጋደሙት። «እግሬን አጣሁት» ይላል ቀስ ብሎ።

በኛ አገር ወገቡን ያመመው ሰው ያስረግጣል። እኔም ስንቱን ረግጫለሁ። እስረኞቹ በደረቱ ሊያስተኙት ተነሱ። «አባ ኮ፣ አንቱ ቀላል ነዎት፣ ይርገጡት» አሉኝ። ጫማዬን አወለቅሁ።

«እንዳትነኩት» አለ አንዱ። ነርስ ነው፤ እሱም እስረኛ። «አባቴ፣ እስቲ የገዛ ማጅራትዎን ይዳስሱ።»

ዳሰስኩ። ጎርበጥ ጎርበጥ የሚል አጥንት።

«እሱ ነው ተደራርቦ እስከ መቀመጫዎ የሚወርድ። በየመሃሉ ለስላሳ ትራስ አለው፤ በሱ ነው ሶላት ላይ ለሩኩዕ የሚጎነበሱት። አጥንቱ ሁሉ ደግሞ ቀዳዳ አለው፤ እግርን የሚያዘው ነርቭ በዚያ ያልፋል። አንዱ ተሰብሮ ከሆነና ቢረግጡት፣ ነርቩን ቆርጦት ያርፋል።»

ጫማዬን መልሼ አጠለቅሁ። ከወደቀው ሰው ራስጌ ተቀመጥኩ።

ነርሱ የሰውዬውን ራስ፣ አጥንቱ እንዳይነቃነቅ፣ በሁለት እጄ ቀጥ አድርጌ እንድይዝ አዘዘኝ። «ሱታ፣ ሱታ» ይለኛል፤ ቀስ ማለቱ ነው። የሰውዬው ላብ በጣቶቼ መሃል ይወርዳል። «አብሽር፣ አይዞህ» እለዋለሁ፤ የኔ ልብ ግን አላረፈም። ነርሱ በየመሃሉ የእግሩን ጣት ይቆነጥጣል።

«ይሰማሃል?»

«ምኑ?» ይላል።

በሩ ተከፈተ። ጠባቂው «ለቆጠራ ተነሱ» አለ። ሁሉም ተነሳ፤ እኔ ቀረሁ።

«ሽማግሌው፣ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ ልጄ። እጄን ከለቀቅሁ ግን ይህ ሰው ዳግም በእግሩ አይሄድም። እንደተቀመጥኩ ቁጠረኝ።»

ዱላውን ከፍ አደረገ። ዓይኔን ጨፈንኩ እንጂ እጄን አላነሳሁም። ዱላው አልወረደም። ቆጥሮን ወጣ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ሳንቃ ተገኘ። በዚያ አጋድመን ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው መኪና ላይ ጫንነው። ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም።

ተፈትቼ ሰንበቴ ገበያ ስወርድ ዓይኔ የሰው እግር ላይ ነው። መልኩን ብዙ አላውቀው፤ ቀኑን ሙሉ ያየሁት ከራስጌው ተቀምጬ፣ ተገልብጦ ነው። ስለዚህ ምርኩዝ የያዘ ጎልማሳ ሁሉ እሱ ይመስለኛል። ሰላም እለዋለሁ። ቆሞ ይመልስልኛል።