የልብ ምት፣ ሃምሳ ስምንት

ሰርቢያ፣ ኒሽ ከተማ ውስጥ፣ መናፈሻው ላይ አብረን ቼዝ ከምንጫወት ጡረተኞች አንዱ የደም ግፊት መለኪያውን እንደ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል። ካፖርቱ የግራ እጅጌ የለውም፤ ለመለካት እንዲመቸው ራሱ ቆርጦታል። የልብ ድካም አለበት፣ ግፊትም አለበት። ሐኪሙ ጠዋትና ማታ የልብ ምት የሚያዘገየውን ቤታ ብሎከር አዞለት፣ «መናደድ ክልክል ነው» ብሎታል። ስለዚህ ከመናደዱ በፊት ይለካል።

«ንግሥትህን በላኋት እኮ! ምነው ዝም አልክ?» ይለዋል ተጋጣሚው ራዲቮዬ።

«ቆይ፣ ልለካ።» ክንዱ ላይ ያሰረው ጨርቅ ይነፋና ይተነፍሳል። «ሃምሳ ስምንት። አልተናደድኩም።»

«ሰውዬ፣ አንተ እኮ ሬሳ ነህ!»

ስንጨቃጨቅ ሁላችንንም ይለካናል። ምቱ ከዘጠና ያለፈ ሰው፣ እውነት ቢኖረውም፣ በሱ ሕግ ተሸናፊ ነው። እኔ ሁሌ እሸነፋለሁ።

የማይለካው የሰፈራችን መበለት ዴሳንካ እርጎዋን ይዛ ስታልፍ ብቻ ነው። ያኔ ባርኔጣውን አውልቆ ማሽኑን ይሸፍንበታል። እሷ ሰላምታ መስሏት ፈገግ ትላለች።

«ባትሪ አልቋል» ይለናል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ዛሬ ጠዋት የመናፈሻው ዛፍ ላይ የሞት ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ፎቶው የዴሳንካ ነው። ባለ መለኪያው ቆሞ አነበበው። ከዚያ ተቀመጠና ለካ። ሃምሳ ስምንት። ደግሞ ለካ። ሃምሳ ስምንት።

«ደህና ነህ ማለት ነው» አለው ራዲቮዬ ቀስ ብሎ።

ማሽኑን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ትክ ብሎ አየው።

«አንተ ውሸታም!» ብሎ ሰደበው።