ደብተሩ እስኪወጣ

ያን ዓመት የጤና መድህን ምዝገባ የተከፈተው በጥር ነው። በእኛ በኩል ምዝገባ የሚከፈተው ቡና ተሸጦ ገበሬው እጅ ላይ ጥቂት ብር ሲገባ ስለሆነ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል። እኔ መቱ ውስጥ በአንድ ቀበሌ የመድህን መዝጋቢ ነበርኩ። ክፍሌ ጠባብ ስለነበረች ጠረጴዛዬን በረንዳ ላይ አወጣና ማኅተሙን በቀኝ፣ የፎቶ ማጣበቂያውን በግራ አስቀምጬ ከጠዋት እስከ ማታ የመድህን ደብተር ስጽፍ እውላለሁ። ሥራዬን እወድ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከሥራው ይልቅ ማኅተሙን እወድ ነበር። ጉርድ ፎቶ ያላመጣውን እመልሳለሁ፣ መታወቂያው ጊዜ ያለፈበትን እመልሳለሁ፣ ወረፋ የሚዘልለውን ጋሼም ይሁን እትዬ አልምርም። ባለቤቴ፣ የገነት በር ላይ ቢያቆሙሽም መጀመሪያ የምትጠይቂው መታወቂያ ነው እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

በዚያ ላይ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ሁለተኛ ልጄ ናት። ጠዋት ጠዋት እያቅለሸለሸኝ፣ የማጣበቂያው ሽታ ራሴን እያዞረኝ ስለምሠራ፣ ድሮም የማይመቸው ጸባዬ የባሰበት ሰሞን ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ባልና ሚስት መጥተው ወረፋ ያዙ። ከደቡብ ሱዳን ናቸው። እሱ ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ዕድል ሰጥቶት የመጣ ተማሪ ነው፤ ጋምቤላ ብዙ ዓመት ስለኖረ አማርኛ ይናገራል። እሷ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነበር፤ ከ"ሰላም ነው" እና ከ"ስንት ነው" ሌላ አታውቅም። የአራት ወር እርጉዝ ናት። በጣም ረጅም ናት፤ ተራዋ ሲደርስ ፊቷን ለማየት ቀና ማለት ነበረብኝ። የእኔንም ማቅለሽለሽ አይታ ነው መሰለኝ ፈገግ አለችልኝ። እኔ ግን መታወቂያ ጠየቅኳቸው።

የቀበሌ መታወቂያ አልነበራቸውም። ያላቸው የእሱ የተማሪ መታወቂያና የእሷ የመግቢያ ወረቀት ነው። አይሆንም አልኩ። ባልየው ተለማመጠኝ። ሚስቱ ለምን ፈርታ እንደመጣች አስረዳኝ፤ እሷና ቤተሰቧ ቀድሞ በኖሩበት ሌላ አገር ታላቅ እህቷ የግል ክሊኒክ ውስጥ ወልዳ፣ ክፍያው እስኪሞላ ድረስ ከነልጇ ከግቢ አናስወጣም ብለዋት ሦስት ሳምንት ተይዛ ነበር። ሚስቱም ከዚያ ወዲህ ወረቀቷ ሳይሟላ የሐኪም ቤት ደጃፍ እንደማትረግጥ ለራሷ ቃል ገብታለች። ስለዚህ እዚህ አገር ሰው እንዴት አድርጎ ነው የሚወልደው፣ ምን ይቅደም፣ ምን ይከተል፣ ያንን ንገሪን አለኝ።

ከኋላቸው ሃያ የሚሆን ሰው ቆሟል። ከሁሩሙ ገበያ የተመለሱ፣ ጆንያቸውን የታቀፉ ሰዎች ያጉረመርማሉ። እኔም ለመገላገል ያህል፣ "መጀመሪያ ደብተሩ ይውጣ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው" አልኩ።

እሱ ወደ ቋንቋቸው መለሰላት። እሷም ነገሩን እንዳትረሳው የምትይዝ ይመስል ራሷን ደጋግማ ነቀነቀች። ከዚያም ሄዱ።

እኔ ይህን ስል ያሰብኩት የመድህኑን ነገር ብቻ ነው። እርጉዝ ሴት የጤና ጣቢያ ክትትል ለመጀመር ደብተርም፣ መታወቂያም፣ ሳንቲምም እንደማያስፈልጋት አውቃለሁ። መቱ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሴት ያለ አይመስለኝም ነበር። እኔ ራሴ በየወሩ ማክሰኞ ማክሰኞ ከቢሮ ፈቃድ እየጠየቅኩ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ፤ እመዘናለሁ፣ ግፊት እለካለሁ፣ ክኒኔን ይዤ እመለሳለሁ። ማንም ደብተር አምጪ ብሎኝ አያውቅም። ነገሩ እንዲህ እንደ ውሃ መውረድ የታወቀ ስለነበር ለሰው ሊነገር የሚገባው ነገር ነው ብዬ አላሰብኩም።

በሳምንቱ የቤት አከራያቸው መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ የገቡ፣ ግቢያቸው ውስጥ ሦስት ክፍል የሚያከራዩ አሮጊት ናቸው። እትዬ ነው የምንላቸው። ወረፋም አልያዙ፤ ቀጥ ብለው መጥተው የራሳቸውን የመድህን ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ልጅቱን በእኔ ደብተር ላይ ጻፊያት አሉኝ። እንደማይሆን ስነግራቸው፣ ከእኔ ጋር ትበላለች፣ ከእኔ ጋር ትጠጣለች፣ ሲያመኝ ውሃ የምታቀብለኝ እሷ ናት፣ ቤተሰብ ማለት ሌላ ምንድን ነው ብለው ተቆጡ። መመሪያው ቤተሰብ የሚለው ማንን እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። "መመሪያሽ ምጥ ይዞት ያውቃል?" ብለውኝ ደብተራቸውን አንስተው ሄዱ።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እህትየዋ ተያዘች የተባለበት ሦስት ሳምንት ነው ዓይኔ ላይ የመጣው። አንጀቴን በላችው። በማግስቱ ተነሳሁና ነገሩን የራሴ ጉዳይ አደረግኩት። ከሆነም ደግሞ በሕግ እንጂ በማጭበርበር አይሆንም አልኩ፤ እልህ ያዘኝ። ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ እንዲያጽፉ አደረግኩ። ደብዳቤው ይዘቱ ልክ አይደለም ተብሎ ተመለሰ፤ ሌላ አጻፍኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጊዜያዊ መታወቂያ እንዲፈርምላቸው ስብሰባ ሲገባ በር ላይ፣ ስብሰባ ሲወጣ በር ላይ ጠበቅኩት። ኃላፊዬ ምዝገባው የካቲት መጨረሻ ላይ ተዘግቷል ሲለኝ፣ ማመልከቻቸው ከመዘጋቱ በፊት የገባ ነው ብዬ ተከራከርኩ። የዞኑ ጤና ቢሮ ድረስ ሁለት ጊዜ በዝናብ ሄጄ በጭቃ የተለወሰ ጫማዬን ይዤ ተመለስኩ።

በዚህ ሁሉ መሀል ባልየው በየአሥራ አምስት ቀኑ ብቅ እያለ የት ደረሰ ይለኛል። እኔም እንዳትሰጉ፣ እየደረሰ ነው፣ ትንሽ ታገሱ እለዋለሁ። ታገሱ እያልኩ ራሴ ክትትሌን እሄዳለሁ። የሷ ሆድ እንዴት ነው ብዬም እጠይቀዋለሁ፤ ደህና ነው ይለኛል። ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ከያዮ መንገድ፣ ከገጠሩ ሁሉ የመጡ እርጉዞችን ሳይ፣ ያቺ ረጅም ሴት ለምን አንድም ቀን እዚህ አላየኋትም ብዬ አላሰብኩም። አንድም ቀን።

ደብተሩ በግንቦት መጀመሪያ ወጣ። አርብ ከሰዓት ነው። ፎቶዋን በእጄ ለጥፌ፣ ማኅተሙን ፎቶው ጠርዝ ላይ አስተካክዬ መትቼ፣ ባልየው እስኪመጣ መጠበቅ አቃተኝና ራሴ ይዤላት ሄድኩ። ሰባት ወሬ ነበር፤ ዳገቱ ትንፋሽ ቢያሳጥረኝም ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ለካስ እኔም ደግ ነኝ እያልኩ ነው የሄድኩት።

ደጃፉ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ባሏ አጠገቧ ሆኖ ያጠናል፤ እትዬ ጎመን ይቀነጥሳሉ። ፊቷን ሳየው ደስታዬ ቀዝቀዝ አለ። አብጧል። እግሯም አብጦ ጫማ እንቢ ብሏታል። ደብተሩን በሁለት እጇ ተቀብላ ፎቶዋን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነችና ግንባሯን ያዘች። ባሏ፣ ከትናንት ጀምሮ ራሷን እያመማት ነው አለኝ። ቀጠሮዋ መቼ ነው፣ በመጨረሻው ክትትል ምን አሏት ብዬ ጠየቅኩት።

"ሰኞ እንጀምራለን" አለኝ። "አሁን ደብተሩ ወጣ አይደለም እንዴ?"

ክው አልኩ። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልተለካችም ማለት ነው? አልኩት። አንድም ቀን፤ አንቺ መጀመሪያ ደብተሩ ይውጣ ስላልሽን ጠበቅን አለኝ። እትዬ ቀና ብለው፣ እኔም ለምን አትታይም ብዬ ነበር፣ የመንግሥት ሰው እንዲህ አለች ሲሉኝ እናንተ የምታውቁት ይሻላል ብዬ ተውኩት አሉ። ሁለቱም የሚወቅሱኝ አይመስሉም ነበር። ታዛዥነታቸውን ነው የሚነግሩኝ።

ባጃጅ አስቁመን ሦስታችን ተሳፈርን። ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም፤ እኔን የምትከታተለኝ አዋላጅ ተረኛ ነበረች። ግፊቷን ለካች። መሣሪያው የተሳሳተ መስሏት ደግማ ለካች። ከዚያ በሌላኛው ክንዷ ለካች። ግፊቷ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ባልየው እንዳይደነግጥ ብላ ይመስለኛል ወደ ኦሮምኛ ዞረችና፣ "ማሊፍ ቱርቴ?" አለችኝ። ለምን ዘገየች ማለቷ ነው።

እኔም በኦሮምኛ፣ "ሂንቤክቱ" አልኩ። አታውቅም ማለት ነው።

ሴትየዋ ሁለታችንንም እያፈራረቀች ታየናለች። ባሏም ኦሮምኛ አይሰማም። ፊት ለፊታቸው ቆሜ፣ በማይሰሙት ቋንቋ፣ ጥፋቴን እነሱ ላይ ጣልኩት። በሕይወቴ ካደረግኳቸው ነገሮች ይህን ያህል የሚያሳፍረኝ የለም።

የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ከኖፓ ወረዳ ወላድ ልታመጣ ሄዳለች ተባለ። አዋላጇ መርፌ ወግታት፣ ወደ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀቷን ጽፋ፣ ራሷ አብራን ባጃጅ ውስጥ ገባች። እኔ ቦታ ስላልነበረኝ በሌላ ባጃጅ ተከተልኳቸው። ሆስፒታል ስንደርስ ይዟት የነበረው ራስ ምታት ወደ መንቀጥቀጥ ተለውጦ ነበር። አልጋው ላይ ስትገተር አየኋት። ባልየው ስሟን ይጠራል፤ አትሰማም። ወዲያው ወደ ኦፕሬሽን ክፍል አስገቧት፤ በሩም ተዘጋ።

እትዬ በኋላ በእግራቸው ደረሱ። ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን። ባልየው አሁንም አሁንም እየመጣ፣ ደብተሩ ለኦፕሬሽንም ይሠራል አይደል፣ አይይዟትም አይደል ይለኛል። ሚስቱ በሕይወት ትወጣ እንደሆነ ሳያውቅ እሱን ነው የሚጠይቀኝ። ማንም አይይዛትም አልኩት። እናቱ ብትሞት ልጁ፣ ልጁ ቢሞት እናቱ፣ ሁለቱም ቢሞቱ እኔ ምን ብዬ እኖራለሁ እያልኩ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ጸለይኩ። ያን ቀን የጸለይኩትን ያህል ለራሴም ምጥ አልጸለይኩም።

ሴት ልጅ ተወለደች። ትንሽዬ ናት፤ ሙቀት ክፍል አስገቧት። እናቲቱ በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ ባሏን ለየችው። ለሁለቱም ለማገገም ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀ። ሲወጡ ለኦፕሬሽኑም ለአልጋውም ክፍያ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ የወሊድ አገልግሎት በነጻ ነውና። እነሱ ግን ደብተሩ የከፈለ መሰላቸው። በወጡበት ቀን እናቲቱ ደብተሩን በፕላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛ ወጣች አሉኝ።

እኔ ያን ሰሞን ወደ ሆስፒታሉ ብቅ እያልኩ ከበር እመለስ ነበር። ቤት በገቡ በአምስተኛው ቀን እትዬ ገንፎ አገንፍተው ሰው ጠርተው ነበርና ልጅ ልከውብኝ ሄድኩ። ጎረቤቶች ተሰብስበዋል። ገና ከመግባቴ እትዬ እጄን ይዘው፣ ያዳነቻት ይህች ናት፣ ደብተሩን በዝናብ ተንከራታ ያወጣችላት ይህች ናት ብለው ለሰው ሁሉ አስተዋወቁኝ። ሴቶቹ መረቁኝ። በሰላም ውለጂ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ አሉኝ። ምርቃቱ እንደ ስድብ ያቃጥለኝ ጀመር። ቀጥሎ ባልየው ተነሥቶ፣ እኔና ባለቤቴ ተመካክረናል፣ ፈቃድሽ ከሆነ ልጅቷን በአንቺ ስም እንጠራታለን አለኝ።

ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ። ሰው እስኪወጣ ድረስ ብቻ ጠበቅኩ። እትዬ ሰዎቹን ሊሸኙ ሲወጡ ሦስታችን ቀረን፤ ልጅቷ እናቷ ጎን ተኝታለች። እኔም አልጋው ጫፍ ተቀምጬ ነገርኩት። ለክትትል ደብተር አያስፈልግም። ድሮም አያስፈልግም ነበር። የመጣችሁ ዕለት ልትሄዱ ትችሉ ነበር። ለወሊዱም የከፈለላችሁ ደብተሩ አይደለም። እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ራሴ በየወሩ እሄድ ነበር። አዋላጇም ስትጠይቀኝ አታውቅም ብዬ በሷ አሳበብኩ።

ሚስቱ፣ ምን አለች እያለች ክንዱን ትጎትተዋለች። ወደ እሷ ዞሮ ቀስ ብሎ ነገራት። አንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ነገራት። እሷ እሱን አላየችውም፤ እኔን ነው የምታየው። ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። እሱም ወደ አማርኛ መለሰው።

"አንቺ ስንት ጊዜ ሄድሽ ትላለች።"

"አምስት ጊዜ" አልኩ።

ትርጉም አላስፈለጋትም። እስከዚያ የአማርኛ ቁጥር ተምራ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንባዋ ሲወርድ አየሁ፤ የእኔም ወረደ። ተነሥቼ ልውጣ ወይስ ልቀመጥ ግራ ገባኝ። ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሷ ካለፈችበት ጋር ሳስተያየው ማለቱ አሳፈረኝና ዋጥኩት።

ኋላ ወደ ጎን ልትገላበጥ ሞከረች፤ ስፌቱ አመማት። ሕፃኗን ከጎኗ አነሣችና ወደ እኔ ዘረጋቻት።

"ያዢ" አለችኝ።

ተቀበልኳት። ከአንድ ኪሎ ስኳር ብዙም አትከብድም። እናትየው ግድግዳውን ይዛ፣ ትንፋሿን እየዋጠች ቀስ ብላ ተገላበጠችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች። ልጅቷን በእኔ ስም አልጠሯትም፤ እኔም ደግሜ አላነሣሁባቸውም። ያን ቀን ግን እናቷ ከእንቅልፏ እስክትነሣ ድረስ፣ ወገቤ እየተቆረጠ፣ ከተቀመጥኩበት ሳልነቃነቅ ይዣት ቆየሁ።