ከተበላ የቆየ ፈረስ

መምህሯ አውቶቡስ ውስጥ ገና ከመቀመጧ፣ አጠገቧ ያሉት ሸበቶ ሰውዬ «እግርሽ ተሻለሽ ወይ፣ እህቴ?» አሏት። እግሯን አሟት አያውቅም። መነጽራቸውን ወልውለው ዳግም አዩአትና በራሳቸው ሳቁ።

«ይቅርታ፣ በሻርፕሽ ጎረቤቴ መስለሽኝ ነው። የሠራሁት የኮምፒውተር ቼዝ ፕሮግራምም በሽታው ይኸው ነው።»

ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ የጠጠሮች አሰላለፍ ቁጥር ይሰጣል፤ ያ ቁጥር ሲደገም ሳያስብ የድሮ መልሱን ያወጣል። አልፎ አልፎ ታዲያ ሁለት የማይገናኙ አሰላለፎች አንድ ቁጥር ይደርሳቸዋል።

«ባለፈው ውድድር ከተበላ የቆየ ፈረሱን ሊያንቀሳቅስ ተነሣ። አዳራሹ ሁሉ ሳቀብኝ። አሁን ሰሌዳውን ሳያይ እንዳይመልስ አድርጌዋለሁ።»

«እርስዎስ?»

«እኔን ማን ይጠግነኛል? ልጄ አፏን ስትከፍት መልሱ ምላሴ ላይ ነው፤ ያውም የአምናው። ሁለት ዓመት ዘግታኝ ከርማ ዛሬ ምሳ ጠርታኛለች።»

የኮታቸው ቁልፎች ተዛንፈዋል። ጉልበታቸው ላይ ያለውን የኬክ ካርቶን ግን እንደ አራስ ልጅ አቅፈውታል።

«የምትወደው ኬክ ነው?»

«በጣም። በአሥር ዓመቷ...» ብለው ካርቶኑን ትክ ብለው አዩት። መውረጃቸው ሲደርስ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አኖሩት።

«እንቺ፣ ብዪው። ባዶ እጄን ገብቼ አሁን ምን እንደምትወድ ብጠይቃት ይሻላል። እግርሽንም እግዜር ይማርልሽ።»