ዜብራ

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጨመቅ ምን ይወጣዋል? አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ አውቶቡስ ስጠብቅ ከማዶ የማያት ሴት ይህን ጥያቄ ታመጣብኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤቶቿን አስተባብራ መንገዱን ታጸዳለች። በጥቁር ሒጃቧ ላይ የመንገድ ሠራተኛ የሚለብሰውን ብርቱካናማ ሰደርያ ትደርባለች።

«እትዬ፣ ሲቲው ሃየር አደረገዎት እንዴ?» አላት አንድ ያገራችን ልጅ፣ መኪናውን አቁሞ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ቀጠረዎት ወይ ማለቱ ነው።

«ሃየር ቢያደርገኝማ እንዳንተ ቆሜ አወራ ነበር!»

ጎረቤቶቿ ይስቃሉ፤ እሷም አብራቸው ትስቃለች። መታጠፊያው ላይ መንገዱን ስትሻገር ግን፣ ሕፃን እንደሚያሻግር ሰው፣ ግራ እጇን ዝቅ አድርጋ ትዘረጋለች። የሚይዛት የለም። ጎረቤቶቿ ያን ጊዜ ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔም ለምን ብዬ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ባለፈው፣ እኔም በነበርኩበት የሰፈሩ ስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ «እዚያ መታጠፊያው ላይ ዜብራ ስጡን» አለች። በእኛ አገር ዜብራ የእግረኛ መሻገሪያ ነው፤ ተሰብሳቢዎቹ ግን የሜዳ አህያ የጠየቀች መሰላቸውና አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ያን ዕለት እሷ አልሳቀችም።

«ቀለም ነው» አለች ጣቷን አስፋልት ላይ እንደሚያሰምር ሰው እያመላለሰች፤ «ነጭ ቀለም ብቻ።»

ሰብሳቢው በሳቅ ያነባ ዓይኑን እየጠረገ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። መታጠፊያው ዛሬም እንደጠቆረ ነው።