የባሌ ትንፋሽ

ባሌን የሳንባ ምች ጥሎት ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ያገላበጥኩት እኔ ነኝ። ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ተሰክቶ አጥሚት በማንኪያ ያጠጣሁት፣ እግሩን ያጠብኩት፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያደርኩት እኔ ነኝ። ይህን የማወራው ለመመስገን አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመመስገንም ነው።

ኦክስጅኑ ሲነሳለት አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት መጣች። የዳባት ልጅ ናት፤ ጠይቄ አጣርቻለሁ። «ጋሼ፣ በአፍንጫዎ ይሳቡ፤ ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ቀስ ብለው በአፍዎ ያውጡ» አለችው። አወጣ። «ጎበዝ» አለችው። ፈገግ አለ። እኔ «እስኪ ትንሽ ቀና በል» ስለው «ተይኝ፣ ደክሞኛል» የሚል ሰው ለእሷ ሲሆን ከወንበር ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሳ። ቀናሁ። «ጋሼ» ማለቷ ብቻ ትንሽ ያጽናናኝ ነበር።

ቤት ገብተንም አልተገላገልኳትም። በየሳምንቱ ለክትትል እንሄዳለን፤ በመሀል ያለው ቀን ሁሉ «እሷ እንዳለችው» ነው። እሷ እንዳለችው ግቢውን ልዙር። እሷ እንዳለችው እያወራሁ ልራመድ፣ ማውራት ሲያቅተኝ ልቁም። ባሌ ከእኔ ጋር እያወራ መንገድ መሄድ የጀመረው በእሷ ትእዛዝ ነው እንግዲህ።

ሥራው ተራራው ላይ፣ ጨነቅ የሚባል ቦታ ነው፤ የስሜን ተራሮች ፓርክ ስካውት ነው። ጠመንጃውን አንግቶ ቱሪስት ያጅባል፣ ዋልያ ይጠብቃል። ከተጋባን ጀምሮ ደባርቅ ቤታችን የሚያድረው እንደ እንግዳ ነበር። አሁን በበሽታው ሰበብ እጄ ገብቶልኛል፤ ለሌላ ሴት ላስረክበው ነው? ውሃ ሲል ውሃ፣ ጋቢ ሲል ጋቢ፣ ሳይጠይቅም አቀብለው ጀመር።

ልጅቷ የእግሩን ጡንቻ ዳብሳ መላላቱን ስታይ ነቃችብኝ። «እትዬ፣ ሁሉን ነገር አያቀብሏቸው። ‹ራስህ ተነስና አምጣ› ይበሏቸው፤ አሁን መድኃኒታቸው እሱ ነው» አለችኝ።

የታመመ ሰው ውሃ ሲጠይቅ ራስህ ቅዳ ማለት በእኛ ቤት ነውር ነው። ለእሷ ቀላል ነው፤ ባሏ አይደለም። እሺ ብያት ማቀበሌን ቀጠልኩ። እሱ ግን ከእኔ እየቀደመ ይነሳ ጀመር።

አንድ ቀን ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለውን ዳገት አስወጣችው፤ እኔም ተከተልኩ። ሳይቆም ጫፍ ደረሰ። ጣቱን የሚቆነጥጠውን የኦክስጅን መለኪያ አይታ እጇን ልታጨበጭብ ስትል፣ እንዳትቀድመኝ ብዬ እልልታዬን አቀለጥኩት። እሱ ግን አንዳችንንም አላየንም። ደመናው ተገልጦ ነበር፤ ፊቱን ወደ ስሜን ተራሮች አዙሮ ቆሟል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኔን አንድም ቀን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

ያ ሁሉ መነሳትና መቀመጥ ለማን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ምስኪን፣ እሷም እንደ እኔ ልፋቷን ለተራራው ገበረች። ቁልቁል ስንወርድ ክንዷን ያዝኩ። በእሷ ስቀና ብኖር ይሻለኝ ነበር፤ ሴት ቢያንስ ታረጃለች፤ ተራራ አያረጅም።

እሑድ ከሰዓት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ በማግስቱ ወደ ጨነቅ የሚወጣ መኪና ማግኘቱን ነገረኝ። ቦት ጫማውን ከታመመ ጀምሮ አልጋው ሥር፣ ከግድግዳው ጥግ ወሽቄው ነበር።

«እስኪ ጫማዬን አቀብይኝ» አለኝ።

«ራስህ ተነስና አምጣ» አልኩት።

ተነሳ። በጉልበቱ ተንበርክኮ እጁን እስከ ግድግዳው ሰደደና ሁለቱንም ጎትቶ አወጣቸው። ቀና ሲል ጆሮዬን ጥዬ አዳመጥኩት። ትንፋሹ እንኳ አልተቆራረጠም።